መዝጋት ወይስ ፓስ? በብሪጅ ከፍ ብሎ መክፈት መቼ ያዋጣል

ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሻማ በርቷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ሦስተኛው እጅ ታድሏል። ካርታዬን አነሳሁና ወደ ሻማው ጠጋ አደረግኩት። ስፔድ አንድ ብቻ፣ 8። ኸርት ሰባት፦ ኩዊን፣ 9፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 2። ዳይመንድ ሦስት፦ ኪንግ፣ ጃክ፣ 3። ክለብ ሁለት፦ 8 እና 4። ያደለችው በቀኜ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ናት፤ ፓስ አለች። እኔ ሰባቱን ኸርት ካየሁ በኋላ ሌላ ምንም አላየሁም። «3 ኸርት» አልኩ።

በግራዬ ያለው ወንድሟ «ደብል» አለ፤ ውሉን ካልሞላሁ ቅጣቱን የሚያከብድ ጥሪ ነው። የኔ ጥንድ ጋሼ ፓስ አሉ። ጎረቤታችን ካርታዋን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አየችና እሷም ፓስ አለች። ደብሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ኪንግ፣ ጃክ፣ 10 እና 8 ኸርት እሷ እጅ ውስጥ ነበሩ። ዘጠኝ ዙር እወስዳለሁ ብዬ የጠራሁት ሰውዬ አምስት ብቻ ወሰድኩ። ቀይ (ሲጎድል ቅጣቱ የሚከብድበት ወገን) ስለነበርን አራት ዙር መጉደላችን 1100 አስከፈለን። ዝም ብንላቸው ኖሮ 3 ኖትራምፕ (ገዢ ምልክት የሌለው ጥሪ) ተጫውተው 400 ነበር የሚያገኙት።

ጋሼ አልተቆጡም። ካርታውን ሰብስበው መበወዝ ጀመሩና «አንተ ልጅ፣ ሰባት ኸርት መያዝህን አይተሃል። የት ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ ግን አላየህም» አሉኝ። ይቺን አረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አሰላስያታለሁ። ይሄን የምጽፈውም እኔ ያኔ ያላየሁትን እናንተ ከመጥራታችሁ በፊት እንድታዩት ነው።

ብሪጅ ለማታውቁ በአጭሩ ልበል። አራት ሰው ነው፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጥንድ ናቸው፣ 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። «3 ኸርት» ማለት ኸርት ገዢ ሆኖ፣ ማለትም ሌሎቹን ምልክቶች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ፣ ስድስት ሲደመር ሦስት፣ ዘጠኝ ዙር እንወስዳለን ማለት ነው። ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ተብሎ የካርታ ነጥብ ይቆጠራል፣ ጠቅላላው 40 ነው። 12 ወይም ከዚያ በላይ የያዘ ሰው በ1 ደረጃ ይከፍታል። ነጥቡ ደካማ ሆኖ ከአንድ ምልክት ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ካርታ የያዘ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ዘሎ በ2፣ በ3 ወይም በ4 ይከፍታል። ፕሪኤምፕት የሚባለው ይሄ ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ «መዝጊያ» እንለዋለን፣ ስለዚህ እዚህም መዝጊያ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለምን ይዘጋል? ጨረታ ላይ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ሌሎቹ ገና ዕቃውን እያገላበጡ አንዱ ተነስቶ ዋጋውን ሰቅሎ ሲጠራ፣ ሌሎቹ የሚያስቡበት ጊዜ ያጣሉ። በብሪጅ ከ1 ክለብ እስከ 7 ኖትራምፕ በጠቅላላው 35 ጥሪ አለ። 3 ስፔድ ብላችሁ ስትከፍቱ ራሱን ጨምሮ 14ቱ ከጨረታው ይወጣሉ። ባላጋራዎቻችሁ «አንተ ስንት ኸርት አለህ? እኔ ይሄን ያህል አለኝ» የሚባባሉበት መንገድ ሁሉ እዚያ 14 ውስጥ ነበር። አሁን ከ3 ኖትራምፕ ጀምረው መገመት አለባቸው።

ችግሩ በሩ የሚዘጋው በነሱ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጥንዳችሁም ከውጭ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዚህና በዚያ አማራጭ መካከል ስትመርጡ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ቁጠሩ፦ ይሄን በር ብዘጋ ማን ነው ውጭ የሚቀረው?

ቆጠራው በወንበር ይጀምራል። አንደኛ ወንበር ላይ፣ ማለትም ራሳችሁ አድላችሁ ስትከፍቱ፣ ገና ማንም አልተናገረም። ውጭ ሊቀሩ የሚችሉት ሦስት ናቸው፣ ሁለት ባላጋራ እና አንድ ጥንድ። ሁለት ለአንድ ነው፣ ያዋጣል። ሁለተኛ ወንበር ላይ ግን በቀኛችሁ ያለው ሰው ፓስ ብሏል። እሱ ደካማ መሆኑን ነግሯችኋል፣ ሊጎዳ የሚችለው ባላጋራ አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ ጥንዳችሁም አንድ ነው። አንድ ለአንድ። ትልቁ እጅ ባላጋራችሁ ጋ የመሆን ዕድሉ ጥንዳችሁ ጋ ከመሆን ዕድሉ አይበልጥም። ጥንዳችሁ 18 ነጥብ ይዞ ተቀምጦ እናንተ በሩን ፊቱ ላይ ከዘጋችሁበት ባላጋራ ምንም ሳይደክም ይጠቀማል። የኔ 3 ኸርት የተጠራው ከዚህ ወንበር ላይ ነው።

ሦስተኛ ወንበር ሌላ ዓለም ነው። ጥንዳችሁም፣ በቀኛችሁ ያለውም ፓስ ብለዋል። ጥንዳችሁ ትልቅ እጅ የለውም፣ ብትዘጉበት የሚያጣው ነገር የለም። ሒሳቡን እዩት፦ እናንተ 6 ነጥብ ይዛችኋል እንበል፣ ሁለቱ ፓስ ያሉት ቢበዛ 11፣ 11 ይያዙ። 28 ሆነ። የቀረው 12 የት አለ? አራተኛው ሰው እጅ ውስጥ፣ ያውም ቢያንስ። እነሱ ደህና እጅ እንዳላቸው እያወቃችሁ፣ ጥንዳችሁ እንደማይጎዳ እያወቃችሁ ለምን ዝም ትላላችሁ? እዚህ ወንበር ላይ በስድስት ካርታ 3 መጥራት፣ በጥሩ አምስት ካርታ 2 መጥራት ነውር የለውም። ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እና 5 ስፔድ ይዤ ሌላው ባዶ ቢሆን እዚህ ወንበር ላይ 2 ስፔድ እከፍታለሁ። ባይሳካ እንኳ ጥንዴ የመጀመሪያውን ካርታ ከየትኛው ምልክት እንደሚጥል አውቋል።

አራተኛ ወንበር ላይ ሦስቱም ፓስ ብለው ከደረሳችሁ የሚዘጋ በር የለም። እናንተም ፓስ ብትሉ ካርታው ይበወዛል፣ ማንም ምንም አያጣም። ስለዚህ እዚያ 2 ወይም 3 ብላችሁ የምትከፍቱት ውሉን እንደምትሞሉ ስታምኑ ብቻ ነው። 2 ስፔድ በአራተኛ ወንበር ማለት ጥሩ ስድስት ካርታና ከ10 እስከ 13 ነጥብ ነው እንጂ ደካማ እጅ አይደለም። መክፈቱ ራሱ ካጠራጠራችሁ የካርታ ነጥባችሁንና የስፔዳችሁን ብዛት ደምሩ። 15 ከሞላ ክፈቱ፣ ካልሞላ ፓስ። ስፔድ የሚቆጠረው ከሌሎቹ ምልክቶች በላይ ስለሆነ ነው፤ ስፔዱ እነሱ ጋ ከሆነ እናንተ የከፈታችሁትን ጨረታ እነሱ ይወስዱታል።

ቀጥሎ የሚታየው ቀለም ነው። ብሪጅ ላይ ቀይ የሆነ ወገን ሲያሸንፍ ብዙ ያገኛል፣ ሲጎድልም ብዙ ይከፍላል። ነጭ የሆነው ሁለቱም ይቀንስለታል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት በ1925 እ.ኤ.አ. በመርከብ ጉዞ ላይ ሆኖ የዛሬውን የውጤት አቆጣጠር ሲያስተካክል ያመጣው ነገር ነው፣ ለኔ ከጨዋታው ውበት ግማሹ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ያው ካርታ በአንዱ እጅ ድፍረት፣ በሌላው እጅ ጥፋት ይሆናልና።

ቁጥሩን በቃል መያዝ ይበጃል። ደብል ተደርጎባችሁ ነጭ ሆናችሁ አንድ ስትጎድሉ 100፣ ሁለት 300፣ ሦስት 500፣ አራት 800 ትከፍላላችሁ። ቀይ ከሆናችሁ 200፣ 500፣ 800፣ 1100። ይሄን ባላጋራ ከሚያገኘው ጋር አወዳድሩት። 4 ስፔድ ጠርተው ልክ አስር ዙር ቢወስዱ ነጭ ከሆኑ 420፣ ቀይ ከሆኑ 620 ነው። እንግዲህ እናንተ ነጭ እነሱ ቀይ ከሆኑ ሦስት ብትጎድሉ እንኳ 500 ከፍላችሁ 620 አስቀርታችኋል። ሁለታችሁም አንድ ቀለም ከሆናችሁ ሁለት ድረስ ነው የሚያዋጣው፤ በነጭ 300 ለ420፣ በቀይ 500 ለ620። እናንተ ቀይ እነሱ ነጭ ከሆኑ ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለት ስትጎድሉ 500 ከፈላችሁ፣ እነሱ በራሳቸው ቢጫወቱ 420 ነበር የሚያገኙት። ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ሰጣችኋቸው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጥሩ መለኪያ አለ። እጃችሁ ብቻውን ስንት ዙር እንደሚወስድ ቁጠሩ። እናንተ ቀይ እነሱ ነጭ ከሆኑ 2 ደምሩበት፣ እኩል ከሆናችሁ 3፣ እናንተ ነጭ እነሱ ቀይ ከሆኑ 4። የደረሳችሁበትን ያህል ዙር ጥሩ። ድሮ የብሪጅ መምህሩ ኤሊ ኩልበርትሰን ያስፋፋው በቀይ 2 በነጭ 3 የሚለው ነበር፣ ይሄኛው የሱ ታናሽ ወንድም ነው። ጥንዳችሁ አንዲት ዙር ብቻ ይዞ ቢመጣ በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 ትጎድላላችሁ፤ ማለትም ከላይ ያሰላነው ገደብ ላይ ትቆማላችሁ። እኔ ደንቡን ያመንኩት ይሄን ቁጭ ብዬ በወረቀት ካሰላሁ በኋላ ነው።

አንድ እጅ ይዘን እንሞክረው። ስፔድ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 9፣ 7፣ 4። ኸርት 5 እና 3። ዳይመንድ 8፣ 6፣ 2። ክለብ 7። ስፔድ ገዢ ከሆነ ኤሱን ብቻ ነው የምትሰጡት፣ ስድስት ዙር የእናንተ ነው። ነጭ ሆናችሁ እነሱ ቀይ ሲሆኑ 6 ሲደመር 4 አስር ነው፣ 4 ስፔድ። እኩል ስትሆኑ ዘጠኝ፣ 3 ስፔድ። ቀይ ሆናችሁ እነሱ ነጭ ሲሆኑ ስምንት፣ 2 ስፔድ። አንድም ካርታ ሳይቀየር ሦስት ዓይነት አከፋፈት ወጣ።

አሁን የኔን ኸርት በዚሁ መለኪያ እንየው። ከኩዊን በታች ቀጥታ ወደ 9 የሚወርድ ሰባት ካርታ ነው። ኤስ፣ ኪንግ እና ጃክ ከወጡብኝ የሚቀረኝ አራት ዙር ነው። ለኪንግና ለጃክ ዳይመንድ አንድ ልጨምር፣ አምስት። ቀይ ነበርን፣ እነሱ ነጭ፣ 2 ልደምር፣ ሰባት። ሰባት ዙር ማለት 1 ደረጃ ነው፣ እኔ ግን ዘጠኝ ጠራሁ። ፓስ ነበር የሚባለው። ትክክለኛ መልሱ ፓስ የሆነባቸው ባለ ሰባት ካርታ እጆች አሉ፣ ይሄን መቀበል ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ሰባት ካርታ በአንድ እጅ ማየት ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነገር ስለሆነ ያጓጓል። ረጅሙ ምልክቱ ሰባት የሆነ እጅ ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ጊዜ ነው የሚመጣው። ስድስት የሆነው ወደ 17 ጊዜ፣ ስምንት የሆነው ደግሞ ከሁለት መቶ እጅ አንዴ ገደማ።

እኛ ቤት የምንጫወተው ቺካጎ የሚባለውን ነው፣ ምክንያቱም ጋሼ የሚመጡት ከኮዬ ፈጬ ነው፣ መሽቶ ትራንስፖርት ሳይጠፋ መመለስ አለባቸው፣ ቺካጎ ደግሞ በአራት እጅ ያልቃል። በመጀመሪያው እጅ ሁሉም ነጭ ነው፣ በአራተኛው ሁሉም ቀይ። በመካከለኞቹ ሁለት እጆች አንዱ ወገን ብቻ ነው ቀይ። በቀደመው ደንብ ቀይ የሚሆነው አዳዩ ያለበት ወገን ነው፤ እኛ ገልብጠነው የማያድለውን ወገን ቀይ እናደርጋለን፣ አዳዩ በነፃነት እንዲዘጋ። እንዲህ ከተጫወታችሁ ወንበርና ቀለም አብረው ይሄዳሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው እጅ አንደኛና ሦስተኛ ወንበር ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ ቀዩን ይገጥማል፣ ሁለተኛና አራተኛ ወንበር ደግሞ ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ ነጩን። ለመዝጋት የሚመቸው ወንበር የሚመቸውን ቀለም ያገኛል፣ የማይመቸው የባሰውን። ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ቀለሙ በየእጁ ይቀያየራል፣ እዚያ ሁለቱንም ለየብቻ ማየት ግድ ነው።

ወንበርና ቀለም ከታየ በኋላ ነው ካርታው ራሱ የሚመጣው። እዚህ ላይ ከነጥቡ ብዛት ይልቅ ነጥቡ የት እንደተቀመጠ ይበልጣል። 7 ነጥብ በሙሉ በረጅሙ ምልክት ውስጥ ካለ ያ እጅ ለማጥቃት የተሠራ ነው፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ ግን ምንም አይሠራም። ያ ነው የሚዘጋው። ያው 7 ነጥብ በሌሎቹ ምልክቶች ተበትኖ ከሆነ ባላጋራን የሚከላከል እጅ ነው፤ ፓስ ብላችሁ እነሱ እንዲጎድሉ ጠብቁ። ሁለተኛ ወንበር ላይ እኔ አሁን ከኤስ፣ ከኪንግና ከኩዊን ሁለቱ በረጅሙ ምልክት ውስጥ ከሌሉ አልዘጋም። ሦስተኛ ወንበር ላይ ይሄን ያህል አልጠብቅም።

ሌላው ከጎን ያለ አራት ካርታ ነው። ሰባት ዳይመንድ ከአራት ስፔድ ጋር ይዛችሁ 3 ዳይመንድ ካላችሁ፣ ጥንዳችሁ አምስት ስፔድና 12 ነጥብ ይዞ ዝም ሊል ይችላል። በአንደኛና በሁለተኛ ወንበር ከጎኑ አራት ስፔድ ወይም አራት ኸርት ያለው እጅ ባይዘጋ እመርጣለሁ። ጥንዳችሁ ፓስ ካለ በኋላ ግን ይሄ ስጋት በጣም ይቀንሳል።

አሁን አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

በ1 መክፈት ወይስ መዝጋት? ስፔድ ኤስ፣ ኪንግ፣ ጃክ፣ 9፣ 7፣ 4፣ 3፣ ኸርት ኤስ እና 5፣ ዳይመንድ 6፣ ክለብ 8፣ 4፣ 2 ይዛችኋል እንበል። ሰባት ስፔድ አለ፣ ግን 12 ነጥብ ነው፣ ያውም ሁለት ኤስ። ይሄ 1 ስፔድ ነው፣ ክርክር የለውም። መዝጊያ የጥንዳችሁን አፍ የሚይዝ ጥሪ ነው፣ ጥንዳችሁ እንዲናገር የምትፈልጉበት እጅ ላይ አይጠራም።

በ2 ወይስ በ3? በተለምዶ ስድስት ካርታ 2 ነው፣ ሰባት ካርታ 3። በ2 ደረጃ መዝጊያ የሚሆኑት ዳይመንድ፣ ኸርት እና ስፔድ ናቸው፤ 2 ክለብ ለትልቁ እጅ የተያዘ ስለሆነ የክለብ መዝጊያ ከ3 ይጀምራል። የ2 ጥሪ ነጥብ ከ6 እስከ 10 ገደማ ነው። ብዙ ሰው 2 ደረጃን የፈሪ ጥሪ አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም። 2 ስፔድ ከባላጋራ ላይ 1 ደረጃን በሙሉ ወስዶ ለጥንዳችሁ ግን 2 ኖትራምፕ ብሎ «እጅህ ምን ዓይነት ነው?» የሚልበት ቦታ ያስቀርለታል። ሁለተኛ ወንበር ላይ ቀይ ሆናችሁ ሰባት መካከለኛ ካርታ ስትይዙ 2 ብሎ መክፈት ብልህነት ነው።

በ3 ወይስ በ4? ስምንት ካርታ ሲሆን 4 ነው። ስፔድ 3፣ ኸርት ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 8፣ 6፣ 5፣ 4፣ ዳይመንድ ኩዊን፣ 7፣ 2፣ ክለብ 9። ይሄን ይዞ 3 ኸርት የሚል ሰው ግማሽ በር ነው የሚዘጋው፤ ባላጋራው 3 ስፔድ ይልና ከጥንዱ ጋር ይነጋገራል። 4 ኸርት ሲባል ግን ስፔድ ያለው ሰው 4 ለማለት በጨለማ መዝለል አለበት። ሌላ ጥቅምም አለው፤ 4 ኸርትና 4 ስፔድ ራሳቸው የጌም ውል (ሲሞላ ትልቅ ጉርሻ ያለው) ስለሆኑ ጥንዳችሁ ጥሩ እጅ ይዞ ከተገኘ ሳታውቁት ትሞሉታላችሁ። 4 ክለብና 4 ዳይመንድ እንዲህ አይደሉም። ጌሙ 5 ላይ ነው፣ እስከዚያው ደግሞ 3 ኖትራምፕን አልፋችሁታል። ለዚህ ነው በክለብና በዳይመንድ ወደ 4 ለመዝለል የማልቸኩለው።

3 ክለብና 3 ዳይመንድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነው። ጥንዳችሁ 16 ነጥብ ይዞ 3 ዳይመንድ ብላችሁ ስትከፍቱ የመጀመሪያ ሐሳቡ 3 ኖትራምፕ ነው። ዳይመንዳችሁ ኤስ፣ ኩዊን፣ ጃክ ያለበት ከሆነ፣ እሱም ኪንጉን ከያዘ፣ ሰባቱንም ዙር ይቆጥራል። ዳይመንዳችሁ ከጃክ የሚጀምር ከሆነ ግን እሱ በናንተ አምኖ ወንዝ ውስጥ ይገባል። በአንደኛና በሁለተኛ ወንበር የ3 ክለብና የ3 ዳይመንድ መዝጊያ ከ3 ኸርትና ከ3 ስፔድ የበለጠ የጸዳ ምልክት ይፈልጋል። ሦስተኛ ወንበር ላይ ጥንዳችሁ ፓስ ስላለ ይሄ ሁሉ ይቀራል፣ እንደልባችሁ።

ሦስተኛ ወንበር ያልኩት በባዶ አይደለም። ከ1100ው ቀን ሦስት ሳምንት በኋላ ጋሼ አደሉ፣ ሁለተኛው እጅ ነው፣ እኛ ነጭ እነሱ ቀይ። ጋሼ ፓስ፣ ጎረቤታችን ፓስ። እኔ ስፔድ 4፣ ኸርት 8፣ 6፣ 2፣ ዳይመንድ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 9፣ 7፣ 3፣ ክለብ 10፣ 5፣ 4። ስድስት ካርታ ብቻ፣ 6 ነጥብ ብቻ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ወንበሬን አየሁ፣ ከዚያ ቀለሙን፣ ከዚያ ዙሩን ቆጠርኩ። ዳይመንዱ አምስት ዙር አለው፣ 4 ሲደመር ዘጠኝ። «3 ዳይመንድ» አልኩ።

ወንድሟ ካርታውን ይዞ ቆየ። ሲኒውን አነሳ፣ ሳይጠጣ መለሰው። 17 ነጥብ፣ አምስት ስፔድና አራት ኸርት ነበረው፣ ደብል ብዬ እህቴ ምልክት ትምረጥ ወይስ 3 ስፔድ ልበል እያለ ነው። 3 ስፔድ አለ። ሦስታችንም ፓስ። ጋሼ እጅ ውስጥ አምስት ስፔድ ተቀምጧል። አንድ ጎደለና 100 ጻፍን። ካርታው ሲገለጥ እህቱ አምስት ኸርት ይዛለች፣ 4 ኸርት ይሞላል፣ 620። በ1 ደረጃ ቢጀምሩ ኖሮ ያለ ችግር ይገናኙ ነበር። ልጁ ጥፋት አልሠራም፣ ሁለት ደህና አማራጭ ነበረው፣ አንዱን መረጠ። መዝጊያ የሚፈጥረው እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

ከዘጋችሁ በኋላ ሥራው የጥንዳችሁ ነው። እናንተ አንዴ ተናግራችኋል፣ እጃችሁ ምን እንደሆነ ተነግሯል፣ ከዚያ በኋላ ጥንዳችሁ ካልጠየቃችሁ በቀር ሁለተኛ አትናገሩ። 3 ስፔድ ብላችሁ እነሱ 4 ኸርት ሲሉ «ሰባት ስፔድ እኮ አለኝ» ብላችሁ 4 ስፔድ አትበሉ፣ ሰባት እንዳላችሁ ጥንዳችሁ ሰምቷል።

ጥንዱ ደግሞ እንዲህ ያስላ። ዣን ሬኔ ቬርን የሚባል ፈረንሳዊ ያወጣው አንድ ሕግ አለ፤ በአጭሩ ሁለት ጥንድ አብረው የያዙት የገዢ ካርታ ብዛትና የሚወሰደው ዙር ተቀራራቢ ነው የሚል። ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ ቀላል ነው። እኔ በ3 ስፔድ ሰባት እንዳለኝ ነገርኩ፣ ጋሼ ሦስት ስፔድ ይዘዋል፣ አስር ሆነ። አስር ዙር ድረስ፣ ማለትም 4 ስፔድ ድረስ፣ ነጥብ ባይኖራቸውም ይሄዳሉ፣ ያውም ወዲያው፣ ባላጋራ ሳይነጋገር። ጋሼ ስፔድ አንድ ብቻ ይዘው 10 ነጥብ ቢኖራቸው ግን ፓስ ነው። «ስፔድህ አልተስማማኝም» ብሎ የራስን ምልክት በ4 ደረጃ ማንሳት በመዝጊያ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ነው።

አሁን እኔና ጋሼ የተስማማነውን በአንድ ወረቀት ጽፈን ካርታው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል። ብሪጅ ላይ ከጥንድ ጋር የተስማሙትን ከባላጋራ መደበቅ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ጎረቤታችንና ወንድሟም አንብበውታል። ሁለተኛ ወንበር፣ ቀይ፣ ሁለት ትልቅ ካርታ በረጅሙ ምልክት ውስጥ ይኖራል ይላል። ሦስተኛ ወንበር፣ ነጭ፣ አትቁጠሩብን ይላል። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው። ያ ከላይ የጻፍኩት ከኪንግ የሚጀምረው ሰባት ስፔድ፣ ሁለተኛ ወንበር ላይ፣ ቀይ ሆነን ነጭ ስንገጥም ምን ይጠራ? እኔ ሒሳቡ 2 ይላል፣ 2 እንበል እላለሁ። ጋሼ «እንዲህ ያለ ስፔድ ይዘህ 2 ብትል እኔ ስድስት ነው ብዬ አስባለሁ፣ አንድ ስፔድ ሰረቅከኝ ማለት ነው» ይላሉ፣ 3 ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ይሄን ስንከራከር የኮዬ ፈጬ ታክሲ ሊያመልጣቸው ሆነና ኮታቸውን እየለበሱ ደረጃውን ሲወርዱም «3 ነው» እያሉ ነበር።